የመኪናው ቁልፍ እኔ ጋ ነው

ወንድሜ አኒባል፣

የመኪናህን ቁልፍ አትፈልግ፣ ይዤው ሄጃለሁ። መኪናህ የካዚኖውን መንገድ ለምዳለች።

የበቆሎ ሾርባው፣ ፖሶሌው፣ ምድጃው ላይ ነው። አሙቀህ ብላና የቁማር ሱስ ክሊኒኩ ድረስ በእግርህ ና፤ ሁላችንም እዚያ ነን።

የበፊቱ አማካሪ «ብቻህን ና» ቢልህ «የቤቴን ጉድ ለባዳ አልዘረግፍም» ብለህ ቀረህ። አዲሷ አማካሪ ማሪክሩስ ግን ቤተሰቡን በሙሉ ነው የጠራችው፤ የምታወራውም በእኛው ቋንቋ በስፓኒሽ ነው። ትናንት አንተ ሳትኖር ቤት መጣች። እማዬ «ልጄ ቁማርተኛ አይደለም፣ ዕድል ፊቷን አዙራበት ነው!» አለቻት። ማሪክሩስ አልተከራከረቻትም። «እሱ ሲያመሽ ማን ነው ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው?» ብቻ አለቻት።

እማዬ አለቀሰች። ከዚያ ለአክስቶቻችን ሁሉ ደወለች፣ ስለዚህ ወንበር ካጣህ እኔን አትውቀሰኝ።

ጥላህ የሄደችው ሚስትህም አድራሻውን ጠይቃኝ ሰጥቻታለሁ። ትምጣ አትምጣ እንጃ።

አንተ ግን ጢምህን ተላጭ።

ኦቲሊያ