የዶምቤክ ካርድና የአንድ ቀን ውል

ውድ ክላረንስ፣

አንተ አሪዞና ገብተህ ቆዳህን ፀሐይ ላይ ስታሰጣ፣ እኔ እዚህ ሲንሲናቲ የሁለታችንን የቤዝቦል ተጫዋቾች ካርድ አልበም ብቻዬን እጠብቃለሁ። ጤናህን አልጠይቅም። ልጅህ ለሚስቴ እየደወለች ትነግራታለች፤ አይዳም ሳልጠይቃት ትነግረኛለች። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ክሴ ልግባ።

ሕጉን ያወጣኸው አንተ ነህ። ገና ቁምጣ ለባሾች ሳለን፣ እናትህ ቤት በረንዳ ላይ ቆመህ፣ እዚህ አልበም ውስጥ የሚገባው ከመጀመሪያ ጨዋታው እስከ መጨረሻው አንድ ማልያ ብቻ የለበሰ ነው ብለህ አወጅክ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የጎበዞቹን ካርድ ሲያሳድድ እኛ ያልሄዱትን ሰበሰብን። ቡድን የቀየረ ካርዱ ተነቅሎ ወደ ጫማ ካርቶን ይወርዳል። ክዳኑ ላይ «ከሃዲዎች» ብለህ የጫርከውም አንተው ነህ፤ ዶሮ የጫረችው የሚመስል ጽሑፍ ያንተ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው?

እንግዲህ ሬይ ዶምቤክ። ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳስ ሲቀልብ ዕድሜውን የፈጀው፣ ጉልበቱ ሲንቋቋ እኛ የተቀመጥንበት ድረስ የሚሰማው፣ የኛው ዶምቤክ። አምና በረዶው ሳይቀልጥ፣ አንድ ዓመት የሚሆን ጉልበት ቀርቶኛል ብሎ ለሞቃት አገር ቡድን ፈረመ። ካርዱን በገዛ እጄ ነቀልኩት። በዚያው ሳምንት አንተም ጓዝህን ጭነህ ልጅህ ዘንድ ሄድክ። ሁለታችሁም ቀድማችሁ አላማከራችሁኝም።

ዘንድሮ በበጋው ሰውየው ተመለሰ። ልማዱን ታውቃለህ፦ ያረጀ ተጫዋች ወደ ድሮ ቡድኑ ይመጣና የአንድ ቀን ውል ይፈርማል። አንዲት ኳስ አይነካም። ማታ ላይ «የዚህ ቡድን ተጫዋች ሆኖ ጡረታ ወጣ» ይባልና ሁሉም ያለቅሳል። አንተም ወሬውን ሰምተህ ደወልክ።

«ዋልት፣ ሰውየው ቤቱ ገብቷል፤ ካርዱን ወደ ቦታው መልስ።»

«የተፋቱ ሰዎች አንድ ቀን ምሳ ቢበሉ ተጋቡ ይባላል?» አልኩህ።

«አንተ ደግሞ ምሳም ጋብዘህ አታውቅ» ብለህ ዘጋህብኝ። ይኸው ስልኩ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም።

ውሉ የተፈረመ ዕለት ልጮህበት ሜዳ ሄድኩ። አሮጌ ማልያውን ለብሶ ወጣ። ለፎቶ እንደ ድሮው ቁጢጥ ሊል ሲሞክር ጉልበቱ ከዳውና በእጁ መሬት ተደገፈ። ሕዝቡ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ግን ቶሎ አልተነሳም። እዚያው ቁጭ ብሎ አፈሩን፣ ሰው የበሬውን ጀርባ እንደሚደባብስ፣ ቀስ አድርጎ መታ መታ አደረገው። እኔ ያልጮህኩት አፌ በቋሊማ ተሞልቶ ስለነበር ብቻ ነው። ሌላ ምክንያት እንዳትፈልግ።

ቤት ስገባ አይዳ የጫማ ካርቶኑን የማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ትጠብቀኛለች። በእጇ ያንተን ፎቶ ይዛለች፤ ወንዙ ዳር ያችን የምታሳፍር ዓሣ ከፍ አድርገህ የተነሳኸውን። ከዶምቤክ ጎን ነበር ያገኘችው።

«ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ሕግ ነው» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። «ዋልት፣ አንተ እዚህ የቀረኸው ታማኝ ሆነህ ነው ወይስ የጠራህ ጠፍቶ?»

ብላኝ ልትተኛ ሄደች። ለእራት የሠራችልኝ የቺሊ ሥጋ ወጥ ፓስታው ላይ እንደፈሰሰ ቀዘቀዘ። መልሱን ጢሜን ስላጭ ፈለግሁ፣ ሣር ሳጭድ ፈለግሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ስብከቱ መሀል ሳይቀር ፈለግሁ። ብታገኘው ላክልኝ።

ክላረንስ፣ ተናድጃለሁ። በዶምቤክ ተናድጃለሁ፣ በጉልበቱ ተናድጃለሁ፣ እዚህ ቤት ያለውን ያንተን ወንበር ለድመቷ በለቀቀችው በአይዳ ተናድጃለሁ። ብትጠይቀኝ እኮ «ሂድ» እልህ ነበር። ልጅህ ናት፤ ብቻህን ደረጃ ላይ ወድቀህ ከምትገኝ ሂድ እልህ ነበር። ያንን የማለት ዕድል ነው የነፈግከኝ።

ስለዚህ ይህን ውል አቅርቤልሃለሁ። ክላረንስ ቮስ፣ ከዚህ በኋላ «ተጫዋቹ» እየተባለ የሚጠራው፣ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ በሜዳችን በሚደረግበት ቅዳሜ ሲንሲናቲ ይገኛል። ከጠዋት ጀምሮ አይዳ መብራት እስክታጠፋ ድረስ በወንበሩ ይቀመጣል፤ ድመቷን የማስነሳቱ ኃላፊነት የተጫዋቹ ነው። መከራከር ይችላል፤ መርታት ግን አይፈቀድለትም። ምሳ የምጋብዘው እኔ ነኝ፤ ይህ አንቀጽ ለታሪክ ይቀመጥ። ማታ ላይ የዚህ ቤት ሰው ሆኖ ጡረታ ይወጣና በነጋታው ወደ ልጁ ይመለሳል። እኔም ዶምቤክን ወደ አልበሙ እመልሰዋለሁ፤ ላንዱ የሠራ ሕግ ለሌላው ይሠራል።

እስከዚያው ሁለታችሁም ካርቶኑ ውስጥ ናችሁ። አየር እንዲገባላችሁ ክዳኑን ከፈት አድርጌዋለሁ።

ሌላ ቡድን ስላልጠየቀው እዚሁ የቀረው፣
ዋልተር ድሬክስለር