ለሳቢራ ያወጣሁላት ስም

ለማከብርሽ እህቴ ለሚስራ፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አካም ጅርታ፣ እታለም? ጤናሽስ፣ ወገብሽስ፣ እንቅልፍሽስ? የሪያድ ሙቀት በረድ አለልሽ? አሠሪሽስ ጭቅጭቋን ቀነሰች? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከእማ ጉልበት በቀር የሚያጉረመርም የለም። በኢሞ እንዳልነግርሽ እማ ስልኩ ላይ ተደፍታ ነው የምታዳምጠው፤ ይህ ደግሞ እሷ ፊት የሚወራ አይደለምና ወደዚያ በምትሄደው በጎረቤታችን በአሻ እጅ ጽፌ ሰደድኩልሽ።

ስለ ትምህርቴ ጠይቀሽኝ ነበር። ትምህርት ቤታችን፣ ክብር ይግባውና፣ የራሱ መንግሥት አለው። ከሳዑዲ ጫማ የሚላክላቸው «ሪያዶች» ይባላሉ፤ ግቢው ውስጥ ያለው አንድ ለእናቱ የጥላ ዛፍ የእነሱ ርስት ነው። መጽሐፍ ከእጃቸው የማይለየው «ቀለሜዎች» የሚከበሩት የፈተና ለታ ብቻ ነው። ጫማም ውጤትም የሌለው «ፋራ» ተብሎ በየጥጉ ተበትኗል። እኔ ባንቺ ነጭ ጫማ የሪያዶች ሹም ሆኜ ነበር። አንቺ የሰው ምንጣፍ ስታጥቢ ውለሽ የገዛሽውን ተጫምቼ፣ እግሬን ዘርግቼ በሰው ስስቅ ብታዪኝ ትተፊብኝ ነበር።

ከጨፋ ገጠር መጥተው ከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩትን ታውቂያቸዋለሽ። ዓርብ አገራቸው ይገባሉ፤ ሰኞ ጠዋት የሳምንት ስንቃቸውን በማዳበሪያ ጆንያ አዝለው በቀጥታ ሰልፍ ላይ ይደርሳሉ። «ማዳበሪያዎች» ያልኳቸው እኔ ነኝ። ስሙ በአንድ ቀን ግቢውን ዞረ፤ በዕድሜዬ እንዲህ የሰመረልኝ ነገር የለም።

ከእነሱ አንዷ ሳቢራ ናት፤ ከክፍላችን አንደኛ የምትወጣው፣ እኔንም ሒሳብ ያስጠናችኝ። ባለፈው ወር አንድ ሰኞ ጆንያዋን አዝላ በሩ ላይ ብቅ ስትል፣ የሪያዶቹ አፈኛ አንዋር፣ «መንገድ ልቀቁ! ማዳበሪያ ገብቷል፣ ሊከፋፈል ነው!» ብሎ ጮኸ። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ጆንያውን ከኋላ ጎተተውና የማሽላ ቂጣዋ አፈር ላይ ተዘረገፈ። እህል ረገጡ፣ ሚስራ! እህል ላይ ቆመው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሳቢራ አንድ ቂጣ እንኳ ሳታነሳ ዞራ ሄደች።

በሳምንቱ አባቷ ኢብራሂም መሸኛዋን ሊወስዱ መጡ። «ልጄ በቃኝ ብላለች፤ ጠያቂም አላት፣ እድራታለሁ» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ የገዛ ምራቄ መረረኝ።

ቅዳሜ ለእማ ጥናት አለብኝ ብዬ ጨፋ ወረድኩ። ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው፣ በአገራችን ወግ እርጥብ ሣር ይዤ ደጃቸው ቆምኩ። ሳቢራ በሰፌድ ማሽላ ታነፍስ ነበር። አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ፣ ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ አልኳት። ቀና ሳትል፣ «አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ምላስ ከሚሴ ላይ ሁለት የለም» አለች። አባቷ ሣር ከያዘ ሰው ፊት አይዞርም ብለው አስገቡኝ። «እኔስ አፉ ብያለሁ፤ ልጄ የተዋረደችው ግን እዚህ አይደለም» አሉ። ያኔ ሳቢራ፣ «ሰኞ ጆንያውን አንቺ እዘይው» አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት መንገድ ላይ ተቀብያት አዘልኩት። በሩን ሳልፍ አንዋር፣ «ሹማችን ማዳበሪያ ሆነች!» አለ፤ ሳቁ ወረደብኝ። ጆንያውን ሰልፉ ፊት አስቀምጬ ንግግር ላደርግ አሰብኩ። ይህ ለሰው ሁሉ ስም የማያጣ ምላሴ፣ «ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አጥፍቻለሁ» ከማለት በቀር አልፈታ አለኝ። ሳቢራ መጥታ ጆንያዋን አነሳችና ከጨፋ ልጆች ጋር ተሰለፈች።

መሸኛው ቀርቷል፤ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተመዝግባለች፤ ጠያቂውንም አባቷ ቆይ ብለውታል። እኔን ሪያዶች ከጥላቸው አባረውኛል፤ የጨፋ ልጆችም አላስጠጉኝም፤ እውነታቸውን ነው። ፀሐይ ላይ ብቻዬን እቆማለሁ።

አባ በዱዓው አልረሳሽም ብሏል። እማ ጉልበቷን እያሸች ትስምሻለች። ትንሹ ኢልያስ ጥርሱ መውለቁን ንገሪያት ብሎኛል። አብረውሽ ላሉት የአገራችን ልጆች ሁሉ ሰላም በይልኝ። ሳቢራንም «ለሚስራ ሰላምታሽን ልጻፍልሽ ወይ?» ብያት ነበር፤ ሒሳቧን መሥራቷን ቀጠለች።

እህትሽ ኢማን
ከሚሴ፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.