አውድማዬ ላይ ስለወረደችው ሄሊኮፕተር

ውድ ዘገዬ፣

«ውድ» ያልሁህ ወድጄ አይደለም። ይህን የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ዲንቄ ደብዳቤ ያለዚያ አይጀመርም ብትለኝ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ አፌ ግን አልተዘጋም።

ከናዝሬቱ ቢሮህ የላክኸው ሰው ደርሷል። «የአገር መሪ በሄሊኮፕተር ደራ ይወርዳሉና የጓድ አብተው አውድማ እንዳምናው ይጠረግ፣ በኖራ ይሰመርበት» ብለሃል። እንዳምናው! አፍህ እንዴት ቻለው?

አምና ጤፌ በሬ ሄዶበት ተወቅቶ፣ ለማንፈስ ነፋስ እየጠበቅሁ ነበር። «ጥቂት ቀን ታገሠኝ፣ ጎተራ ላግባው» ብዬ ለመንሁህ። እኔ፣ የክርስትና አባትህ፣ ለመንሁህ! «ሌላው ሜዳ ሁሉ ድንጋይ ነው፤ ልሙጡ ያንተ ብቻ ነው» አልኸኝ። ልሙጥ ያደረግሁትማ እኔ ነኝ፣ በእበት ለቅልቄ። አንተም ልጅ ሳለህ እበቱን አብረኸኝ አቡክተሃል። አውድማ ላይ በጫማ እንደማይወጣ ከኔ ነው የተማርኸው።

ያቺ መዓተኛ ሄሊኮፕተር መጣች። ፍሬውን ከነገለባው አንስታ እስከ አስፋልቱ በተነችው። ሚስቴ ልትከልለው ክምሩ ላይ ተደፋች፤ ነጠላዋም አብሮ ሄደ። ሰው ይወርዳል ብለን ስንጠብቅ ማንም የለም። ባዶ! ለካ መሬቱን ልትሞክር ኖሯል፤ ተመልሳ ወጣች። መሪውም በመኪና ወደ አሰላ አለፈ። አንተ በቦት ጫማህ አውድማዬ መሃል ቆመህ፣ ሕዝብ እየሰማ፣ «ጓድ አብተው፣ መንግሥት በነፃ አነፈሰልህ!» አልኸኝ። ሰው ሳቀ። እኔን «አንቱ» ሳትል ውሃ የማትጠጣ ልጅ ነበርህ።

በንጉሡም ጊዜ እንዲህ ያለች ሄሊኮፕተር በአናታችን ታልፍ ነበር። ያኔም ላይ የተቀመጠው እኛን የሚያየን እንደ ጉንዳን ነው፤ አልፈርድበትም፣ ሩቅ ነው። አንተ ግን ታች ነበርህ፣ አጠገቤ። ያንገበገበኝ ይኸ ነው።

ክረምቱን ቤቴ በአማቼ በወዬሳ በቆሎ ከረመ። አንድ ቀን ብቅ ብለህ «ምን በላችሁ?» አላልህም።

አሁን ስማ። አውድማውን አርሼዋለሁ፣ ደጋግሜ። ዲንቄ ብዕሯን አንስታ «አባባ፣ ይህን ልተወው፤ ያስሩዎታል» አለችኝ። «ጻፊ!» አልኋት። አሁን እዚያ የሚወርድ አቧራውን እሱ ይቅመሰው። ማረፊያ ከጠፋ የናዝሬቱ ቢሮህ ግቢ ሰፊ ነው አሉ።

ለዘንድሮው ጤፍ ከግራሮቹ መሃል ሌላ አውድማ ለቅልቄአለሁ። ጠባብ ነው፤ ነፋሱም ያንሰዋል፣ ስናነፍስ እንከርማለን። ግን ሰማይ አያየውም። ልታስረኝም ብትመጣ፣ ይቅርታ ልትለኝም ብትመጣ፣ በእግርህ ና። ጫማህን ግራሩ ሥር አውልቅ።

ጣቴን ቀለም ነክሬ አትሜበታለሁ።

የክርስትና አባትህ የነበርሁ፣
አብተው