ተገኝ ያሰባት መፈልፈያ

ጂንካ፣ ግንቦት 3 ቀን 1980
ጠዋት ልጄ ተገኝ በሠራት፣ በእጅ በምትዞር መፈልፈያ በቆሎ ስፈለፍል የቀበሌው ጎሳዬ መጣ። ተቀመጥ ብለው እምቢ አለ። «እትዬ የሺሀረግ፣ ተገኝ...» ሌላው አልተሰማኝም። መጋቢት ላይ ነው አሉ፣ ሰሜን ግንባር። እኔ ስንቅ ሳዘጋጅለት... ሞቶ?

ግንቦት 4
አስከሬን የለም። ጋቢውንና መፈልፈያዋን ለቅሶው መሃል አስቀመጥኩ። ሰው እነሱን እያየ አለቀሰ። ቀጥቃጩ አንጁሎም መጣ። ተገኝ ብረት ሥራ የለመደው ከሱ ነው። ያኔ ዘመዶቻችን፣ «ደግሞ ቀጥቃጭ ሆንክልን!» ይሉት ነበር።

ግንቦት 19
እንቅልፍ የለም።

ሰኔ 11
ገበያ ወጣሁ። አንጁሎ መፈልፈያ ይሸጣል። የልጄን! ለቅሶው ላይ ጎንበስ ብሎ ሲያያት የነበረው ለካ ሊቀዳት ነው... አውጥቼ ያሳየሁት እኔው።
«ሌባ!» አልኩት በሰው ፊት።
ጨው ሻጯ አለምነሽ፣ «ምን ጠፋብሽ? ያንቺዋ እቤትሽ ናት አይደል?» አለችኝ።
እውነቷን ነው። ታዲያ ለምን የተዘረፍኩ መሰለኝ?
ተገኝ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ እየቆረጠ ሁለት ክረምት ፈጅቶባታል። ስንቱ ተሰበረ! እርሻ ቢሮ ቢወስዳት «ጥናት አምጣ» አሉት። ሲያበላሽ ያበላሁት እኔ። «እማዬ፣ የሚከብደው ማሰቡ ነው፤ አንዴ ከታሰበማ ማንም ይሠራዋል» ይለኝ ነበር። እየሳቀ።

ሰኔ 20
አንጁሎ አንዷን ይዞ መጣ። ደጅ ቆሞ፣ «እትዬ፣ ያዟሯት» አለኝ። አዞርኩ። አልቆመችም። የተገኝዋ ግን የበቆሎው ቆረቆንዳ እየተሰነቀረባት ትቆም ነበር። ለውትድርና ሲወስዱትም የሚያወራው ስለዚያ ነበር። አንጁሎ እንዳይሰነቀር ቆዳ አስገብቶላታል።
«እሱ ቢኖር ይቺን አይቶ ሌላ ሐሳብ ያመጣ ነበር» አለ።
አልጋ ስር ያለውን ብረት አወጣሁለት፣ ተገኝ ጀምሮት የሄደውን። ጥርስ አለው፣ ሁለት ቀዳዳ። አገላበጠው... አገላበጠው።
«ምን ሊሆን ነበር?» አለኝ።
«አልነገረኝም።»
«እኔም አላወቅኩትም፣ እትዬ።» መልሶ ሰጠኝ።
ይኸውልሽ አለምነሽ፣ የጠፋብኝ።

መስከረም 9 ቀን 1981
መፈልፈያዋ ዲመካ ገበያ ድረስ ደርሳለች አሉ። አንጁሎን ሽጥ ብዬዋለሁ። ገዢው ማን እንዳሰባት አያውቅም። ብረቱ አልጋ ስር ነው። በምን ልጨርሰው? ማንን ልጠይቅ?
ይህን ከእኔ በኋላ የምታነቡ፣ የተገኝ የክርስትና ስም ወልደ ሚካኤል ነው። ስትጸልዩ በዚያ ስም ጥሩልኝ። ልጄ መቃብሩን እንኳ አላውቀውም... ነፍሱን ይማር በሉልኝ።