ባናችንን የለበሱት ወረቀቶች

ጌትዬ፣ የቤቴ ዋልታ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። የሞላሌን ብርድ ታውቀዋለህ፤ አንተ ካለህበት ግን ብርድ የለም ይላሉ ቄሱ፤ እሱን ሳስብ ደስ ይለኛል። የጓዳው ጣራ ታደሰ። ያቺ ጥቁር በግህም መንታ ወልዳለች። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ወረቀቶችህ ነው።

የድሮው ፍርድ ቤት ጣራ በዝናብ የተደረመሰ ጊዜ ትዝ ይልሃል? የጥንት መዝገቡ ሁሉ ግቢው ውስጥ ጭቃ ላይ ወድቆ፣ ሰው «ከእንግዲህ ምን ይሠራል» እያለ ሲያልፈው፣ አንተ የሰው አህያ ተውሰህ፣ ጭነኸው መጣህ። እኔ ደጃፍ ላይ ቆሜ ጮህኩብህ። «ሰው እህል ይጭናል፣ አንተ ጭቃ ትጭናለህ?» አልኩህ። «የስንት ሰው እሮሮ ነው፤ ሜዳ ላይ ልተወው?» አልከኝ።

መስከረም ሲጠባ ካቡ ላይ ዘርግተን፣ ጠጠር እየጫንን ስናደርቃቸው ነፋስ ተነሥቶ አንዷን ገጽ ወሰዳት። በጎረቤታችን ገብስ ውስጥ ስናሳድዳት አንተ ተደናቅፈህ ወደቅህ፤ እኔም ላነሣህ ብዬ አጠገብህ ወደቅሁ። ከሠርጋችን ወዲህ እንደዚያ ስቀን አናውቅም። ከዚያ ሌሊት የምንለብሳትን የበግ ጠጉር ባና ለወረቀቶቹ አልብሰህ፣ እኔን በጋቢህ ጠቀለልከኝ።

ባለፈው በጋ ከዩኒቨርሲቲ ሰዎች መጡ። ወደ ከተማ ወስደን በደኅና ቤት እናኖራቸዋለን አሉኝ። ጨዋ ልጆች ናቸው። ልጃችን ግርማም «እማዬ፣ አይጥ ከሚበላቸው ይውሰዷቸው» አለኝ። እውነቱን ነበር። እኔ ግን ወረቀቶቹ ያሉበት ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። «የመንዝ ሰው የአያቱን ነገር ሊያነብ አገር አቋርጦ ይሂድ? አልሰጥም!» አልኳቸው። መኪናቸው ባዶውን ሲመለስ ግን ፈራሁ። በኔ ግትርነት ብል ቢጨርሳቸው ምን እልሃለሁ?

ተመልሰው መጡ፣ ጌትዬ! ካሜራና ኮምፒዩተር ይዘው፣ እዚሁ ሳሎናችን ውስጥ ገጽ በገጽ ፎቶ አነሷቸው። ፎቶው የትም ያለ ሰው እንዲያነበው ኢንተርኔት ላይ ወጣ፤ ዋናው ወረቀት ግን ከሞላሌ አልወጣም። የዚሁ የሞላሌ ቤተ መጻሕፍት አንድ ደረቅ ክፍል ሰጠን። በገበያ ቀን የምከፍተው እኔ ነኝ፤ «እጃችሁን ታጠቡ» እያልኩ የገባውን ሁሉ አስቸግራለሁ።

በቀደም ከዘመሮ አንዲት ወይዘሮ መጣች። አያቷ ከወንድሞቿ ጋር በርስት የተሟገተችበትን መዝገብ አገኘንላት። ጮክ ብላ አነበበችው። «ከወንድሞቼ ጋር አርሜያለሁ፣ ከወንድሞቼ ጋር አጭጃለሁ፤ ስንካፈል ነው እንዴ ሴት የምሆነው?» ይላል። ሴትዮዋ መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥላ እልል አለች። «አያትሽ አፍ የሌላት ነበረች እያሉ ነው ያሳደጉኝ» አለችኝ። እኔ ያን ጊዜ አጠገቤ ያለህ መስሎኝ፣ «ሰማህ?» ልልህ ዘወር አልኩ።

ክፍሉ በር ላይ ስምህን ሊጽፉልህ ነው። ለኔ ግን የበር ጽሑፍ አይበቃኝም። «ማን ሰበሰባቸው?» ያለኝን ሁሉ ወንበር ሰጥቼ አስቀምጠዋለሁ፤ ከአረማመድህ ጀምሬ፣ አቆጣጥህን፣ አሳሳቅህን፣ እንዴት አድርገህ እንደወደድከኝም እነግረዋለሁ። ቢቸኩልም አልለቀውም።

ያንተዋ እቴነሽ