የተቆረጠው ሞላ

ሰኞ

የመኪናዬ ሞላ ተቆረጠ። አራቱም! መካኒኩ ጋሽ ደምሴ እያጉረመረሙ ነው የቆረጡልኝ። «ሀያት፣ ይቺ መኪና መሬት ለመሬት እንድትሄድ አልተሠራችም» አሉ። እኔ ደግሞ ዝቅ ስትል ነው የምታምረው አልኳቸው። መጨረሻ ላይ ቃል አስገቡኝ፦ ጎማ ከቀየርኩ ወይም እንግዳ ድምፅ ከሰማሁ፣ ሳልነዳ ልደውልላቸው።

አሮጌ ስታርሌት ናት፤ ቀይ፣ ባለ ሁለት በር። የመጀመሪያ መኪናዬ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ወር አልሞላኝም። አባዬ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ወዳለው ሱቃችን ጣቃ ጨርቅ ላመላልስባት የገዛኋት መስሎታል።

ቀኑን ሙሉ መጋረጃ እየለካሁ ልቤ ውጭ ነበር። ሁለቴ ሜትር ተሳሳትኩ። ገና የቀረኝ፦
ሰፋፊ ጎማ ከነቸርኬው።
ድምፅ ያለው ማርሚታ (የጭስ ማውጫ)።
ትንሽ መሪ።
ለመስታወቱ ጥቁር ላስቲክ (አባዬ አይሞከርም ይላል፤ እናያለን)።

ማክሰኞ

ጎማውን አስገባሁ! ጎሚስታው ራሱ ወደኋላ ሸሸት ብሎ አያት። ጎማው ከጭቃ መከላከያው ትንሽ ወጣ ይላል፤ ያምራል። ስመለስ የገበያው ሸክም ተሸካሚዎች መንገድ ለቀው አፏጩልኝ። ፊቴ እሳት ሆነ፣ ግን ደስ አለኝ።

አባዬ ከሱቅ ደጃፍ ቆሞ አያትና «መኪናሽ ቁጭ ብላለች፤ አሟታል እንዴ?» አለ። ፋሽን ነው አልኩት።

ወደ ግራ ስታጠፍ «ሽርርር» ትላለች። አዲስ ጎማ እስኪለምድ ይሆናል። ለጋሽ ደምሴ ነገ እደውላለሁ።

ረቡዕ

አልደወልኩም። ማርሚታውን ሳስበይድ ዋልኩ። ሥራ ላይ መቀመጥ አቅቶኛል፤ ደንበኛ እያናገርኩ ቁልፉን ኪሴ ውስጥ እነካካለሁ።

ድምፁ ብሷል። ጉድጓድ ስገባ ደግሞ የጎማ ሽታ ይመጣል። ቴፑን ከፍ አደረግኩት።

ትልቁ ወሬ፦ አባዬ ነገ ለዓይኑ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለው። በታክሲ እሄዳለሁ ሲል እኔ እወስድሃለሁ ብዬ ድርቅ አልኩ። እሺ አለ። አባዬ እኔ በምነዳው መኪና! መቀመጫውን ሁለቴ ወለወልኩት።

ሐሙስ

እንደሆነው ልጻፈው።

ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ቁልቁል እየወረድን ነበር። አባዬ ከጎኔ ሆኖ ስለ ሱቅ ያወራል። ፊት ለፊታችን ሚኒባስ ቆመ። ፍሬን ረገጥኩ፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ወረደ። ደግሜ ረገጥኩ። ምንም። ማርሽ ቀነስኩ፣ የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጄ ጎተትኩ፣ ከዚያ መሪውን ወደ ጠርዙ ድንጋይ ጠመዘዝኩት። ጎማው ድንጋዩን ሲገጭ መኪናዋ ቆመች። ከሚኒባሱ ኋላ አንድ ክንድ ቢቀረን ነው። በእኛና በእሱ መሀል ሕፃን ያዘለች ሴት ነበረች። መሀል ላይ!

አባዬ ግንባሩን መስታወቱ መትቶት አብጧል። ከዚያ «ሞተሩን አጥፊ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ። ወርዶ በታክሲ ወደ ቀጠሮው ሄደ።

ጋሽ ደምሴ መጥተው መኪናዋ ሥር ገቡ። ሰፊው ጎማ የፍሬኑን ቱቦ እያሸ እያሸ በልቶታል፤ ዘይቱ ሁሉ ፈሷል። ተነሥተው እጃቸውን እየጠረጉ፣ «ድምፅ አልሰማሽም?» አሉኝ።

«አልሰማሁም» አልኩ።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ሱቃችን በር ላይ ተሰበሰበ። አባዬ እብጠቱን እያሳየ ያወራል፤ ጥፋቱ የጋሽ ደምሴ ሥራ መስሎታል። «ደምሴን ስንት ዘመን አምኜው! ልጄን ሊገድልብኝ ነበር።» ጅምላ ነጋዴው ጋሽ ከድር፣ የጭነት አይሱዙውን ከነገ ጀምሮ ሌላ ጋራዥ እንደሚወስዱ ተናገሩ። ሌሎቹም እኛም አሉ።

እኔ ከባንኮኒው ጀርባ ጨርቅ እጠቀልል ነበር። ፈትቼ ደግሜ ጠቀለልኩት። አንድ ቃል ነበር መናገር ያለብኝ። ምሳ አልበላሁም። አባዬ ከድንጋጤው ነው ብሎ ውኃ አመጣልኝ። ብርጭቆውን ባንኮኒው ላይ ተውኩት።

ቅዳሜ

አባዬ ጠዋት ተነሥቶ ከጭድ ተራ ጀርባ ወዳለው የጋሽ ደምሴ ጋራዥ ሄደ። ተከተልኩት። ገና ከበሩ ጮኸባቸው። ጋሽ ደምሴ ቁልፋቸውን እንደያዙ ያዳምጣሉ። «አስጠንቅቄያት ነበር» ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እኔ አዩ።

«አባዬ፣ ሰምቼ ነበር» አልኩ። ድምፄ ስላልተሰማ ደገምኩት። «ከማክሰኞ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ደውዪ ብለውኝ ነበር። አልደወልኩም። ትናንትም ዝም አልኩ።»

አባዬ ዞር ብሎ አየኝ። የሚመታኝ መስሎኝ ነበር፤ መትቶኝ ግን አያውቅም። «እኔን ከጎንሽ አስቀምጠሽ?» አለ። ያ ብቻ። ከዚያ ለጋሽ ደምሴ እጁን ዘረጋ። እሳቸውም ጨበጡት፤ እኔን ግን ቀና ብለው አላዩኝም።

እሑድ

ሰሃኑን ሳቀርብለት አባዬ «አስቀምጪው» ብቻ አለ። ቤት ውስጥ ስዞር ዋልኩ።

ሰኞ

ሱቅ ሳይከፈት አባዬ «ነይ» አለኝ። ዓርብ የነበሩት ሰዎች ጋ ሁሉ፣ በየደጃፋቸው አዞረኝ። እሱ ከኋላዬ ቆሞ፣ «ተናገሪ» ይላል። እኔ እናገራለሁ። አንዱ ሳቀ። አንዱ «ድሮስ ሴት ልጅና መኪና!» አለ፤ ምላሴን ነከስኩ። አባዬ ግን «መንዳትስ ነዳችው። ባታቆማት ኖሮ ዛሬ አንተ ለቅሶ ላይ ነበርክ» አለው። ከቅዳሜ ወዲህ ስለ እኔ የተናገረው ይህንን ብቻ ነው። ከሰውየው ደጃፍ ስንርቅ እንባዬን በነጠላዬ ጠረግኩ።

ጋሽ ከድር መጨረሻ ነበሩ። «አይሱዙው እዚያው ደምሴ ጋ ይሠራል» አሉ።

ከሰዓት ለብቻዬ ጋራዥ ሄድኩ። መኪናዬ ያለ ጎማ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ጋሽ ደምሴ ከሌላ መኪና የወለቁ አራት ያልተቆረጡ ሞላዎች ደርድረዋል። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ነገ ጠዋት ቱታ ለብሰሽ ነይ። ሞላውን ራስሽ ታስሪዋለሽ። እኔ አጠገብሽ ቆሜ ነው የማየው።»

ቅጣት ይሁን ይቅርታ፣ ከፊታቸው ማንበብ አልቻልኩም። እሺ አልኩና ወጣሁ። አሁን ጭንቀቴ ሌላ ሆኗል፤ በእኔ ልክ የሚሆን ቱታ ከየት እንደማገኝ አላውቅም።