ያልተቆጠረ ጥቅስ

ሉብልያና፣ ሐሙስ ከሰዓት

ውድ ፕሮፌሰር ሲሪል፣

ስልክዎን እንደማያነሱ ስለማውቅ ነው የምጽፍልዎ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ስልክዎን ለጎረቤት ድመት መጫወቻ ሰጥተዋል እየተባለ ይወራል፤ እኔም አላስተባበልኩም። ዛሬ የፕሮፌሰርነት ማዕረጌ ጸደቀ። የምጽፍልዎ ግን ለዚህ ብቻ አይደለም፤ ከዚህ የሚበልጥ ነገር ስላለ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ያን ጥናታችንን መቼም አይረሱትም። ፖልህ፣ ያቺ ጅራቷ የጎፈረ የዛፍ አይጥ፣ የበረዶውን ወራት ተኝታ ስታሳልፍ ሰውነቷ ስቡን እንዴት ቆጥቦ እንደሚያቃጥል የጻፍንበትን። የእኔ ስም ከፊት፣ የእርስዎ ከኋላ ሆኖ በትልቁ መጽሔት ወጣ። ዓመት ሳይሞላው እርስዎ ዕድሜ ልክዎን ከጻፉት ሁሉ በላይ በሌሎች ተመራማሪዎች ጽሑፍ ተጠቀሰ። የሜታቦሊዝም፣ የሰውነት ኃይል አጠቃቀም፣ ተመራማሪ የሚመዘነው «ስንት ሰው ጠቀሰህ?» እየተባለ ነውና፣ የእኔ የሥራ ውል መታደስም የእርስዎ ሹመትም በዚያ ቁጥር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ከዚያ በሦስተኛው ዓመት ያ እሁድ መጣ። ከሎዥ ሸለቆ ጫካ እንስሶቹን ያጠምድልን የነበረው ብላዥ ምሳ ጠራን። ሚስቱ ኔዥካ እንደ አካባቢው ወግ የፖልህ ወጥ ከበቆሎ ገንፎ ጋር አቀረበች። ብላዥ ወይኑን እየቀዳ፣

«ለመሆኑ የላክንላችሁ ደህና ሰብተው ነበር?» አለ።

«ከጠበቅነው በላይ» አልኩት።

«እንዴት አይሰቡ? ኔዥካ እኮ መኪናችሁ እስኪመጣ በርሜል ውስጥ ፖምና ለውዝ ስትቀልባቸው ነው የምትሰነብተው።»

«ታዲያስ» አለች ኔዥካ፣ «ሉብልያና ድረስ የሚሄድ እንግዳ ጾሙን ይሸኛል እንዴ? ሰው ምን ይለናል?»

ማንኪያዬ እጄ ላይ ቀረ። እኛ የጻፍነው እንስሶቹ በተያዙበት ዕለት ከጫካ እንደመጡ፣ የሰቡትም በጫካው የቢች ዛፍ ፍሬ ብቻ እንደሆነ ነበር። ያ የተደነቅንበት ስብ ለካ የኔዥካ ቸርነት ኖሯል። አትቀልቡ ብለን አልነገርናቸውም፤ ትቀልባላችሁ ወይ ብለንም አልጠየቅናቸውም። እርስዎ ግን ቀና ብለው ኔዥካን አዩና፣ «እጅሽ ይባረክ፣ ትንሽ ጨምሪልኝ» አሏት። ያን ቀን እንዴት እንደወደድኩዎ እስከ ዛሬ አልነገርኩዎትም።

መኪና ውስጥ፣ «ፕሮፌሰር፣ እኔ ምን እሆናለሁ?» አልኩዎ።

«ሥራሽን ልታጪ ትችያለሽ። አልዋሽሽም።»

«ብላዥ እንደሆነ እንግሊዝኛ አያነብ። ማን ያውቃል?»

«እኔና አንቺ» አሉኝ። «ያንሳል?»

በሳምንቱ ለመጽሔቱ ጽፈው ጥናቱን አሰረዙት። «ስህተቱ መጀመሪያ የገባት ተማሪዬ ናት፤ ጥፋቱ ግን ሳልጠይቅ የፈረምኩት የእኔ ነው» ይላል ማስታወቂያው። የተቋሙ ኃላፊ ኮሪደር ላይ ያዙዎትና፣ «ሲሪል፣ ሰው ጥቅሱን ለማብዛት ይዋሻል፤ አንተ ለመቀነስ እውነት ትናገራለህ። በጤናህ ነው?» ሲሉዎት፣ «ገና አልተመረመርኩም» አሏቸው። ሹመትዎ በዚያው ቀረ። የእኔ ውል ግን፣ የኃላፊውን በር በማንኳኳት ስላሰለቿቸው፣ ታደሰ። እኔ ደግሞ ተናድጄብዎ ነበር። ልክ እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

በየዓመቱ የማያፈራው የቢች ዛፍ ፍሬ እስኪሰጥ ሁለት መኸር ጠብቀን ሥራውን ከሥር ጀመርነው። ውጤቱ ትንሽ መጽሔት ላይ ወጣ፤ ለረጅም ጊዜም ከራሳችን በቀር የጠቀሰው አልነበረም።

ዛሬ እንግዲህ ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ከብርኖ ከተማ የመጣች ራድካ የምትባል ገምጋሚ የሥራዎቼን ዝርዝር እያገላበጠች፣ «የተሰረዘውን ለምን አስገቡት? ቢተዉት ማንም አይጠይቅዎትም ነበር» አለችኝ።

«ከሁሉ የበለጠ የተማርኩበት እሱ ስለሆነ» አልኳት። አቀረቀረች፤ ሌላ ጥያቄም አልጠየቀችኝም። በቃ አለቀልኝ ብዬ ነበር።

ውጤቱ ከተነገረ በኋላ ደረጃው ላይ ደረሰችብኝ።

«ያኔ ተማሪ ነበርኩ» አለችኝ። «የእናንተን ውጤት ለመድገም ሁለት ዓመት ለፋሁ። የእኔዎቹ አልሰባ አሉኝ። አለቃዬ 'እጅሽ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም' አለኝ፤ እኔም አመንኩት። የመልቀቂያ ማመልከቻ ጽፌ፣ በእናቴ ፋርማሲ ልቀጠር ነበር። ሳላስገባው የመምህርሽ ማስታወቂያ ወጣ። ማስታወቂያውን አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።»

«ታዲያ ምነው አንድ ቀን እንኳ ሳትጠቅሺው?»

«የተሰረዘ ነገር በየት በኩል ይጠቀሳል?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ የእኔም አልቀረ።

ፕሮፌሰር፣ ዛሬ ስምዎን ኮምፒውተር ላይ ብፈልገው የሚመጣው ቁጥር ትንሽ ነው። ራድካ ግን የራሷ ቤተ ሙከራ አላት፤ ተማሪዎች ታሳድጋለች። እሷም ሆነች ተማሪዎቿ ከዚያ ቁጥር ውስጥ የሉም። እኔም የለሁበትም። ያን እሁድ ዝም ስላላሉ አመሰግንዎታለሁ፤ ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ቅዳሜ ይዣት እመጣለሁ፣ በሩን ይክፈቱልን። በራሷ አፍ ልትነግርዎ ፈልጋ፣ እንዳልቀድማት ለምናኝ ነበር፤ እኔ ግን አላስቻለኝም። ስትነግርዎ አዲስ እንደሆነብዎ ሰው ይስሙላት። መዋሸት እንደማይሆንልዎ አውቃለሁ፤ እንግዲያው ዝም ብለው እጇን ይያዙልኝ።

አክባሪዎ፣
ሚሎይካ